እጅሽን ብቻ አበድሪው

«ፈተናው የእሱ ነው፤ አንቺ እጅሽን ብቻ አበድሪው» ስትላት ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ ሰማሁ። ተናጋሪዋ የወንድሜ ሚስት ሃርባንስ ናት፤ የምትናገራትም የትልቁን ልጇን ሚስት ራቭሊንን ነው። በክፋት የተነገረ አይምሰላችሁ። ጨው አቀብይኝ በሚባልበት ድምፅ፣ የምስር ድስቷን እያማሰለች ነው ያለችው። ራቭሊን ሌሊት ከፋብሪካ ገብታ እንቅልፍ እንኳ በቅጡ አልወሰዳትም። የሻይ ኩባያዋን አስቀመጠች። «እሺ ማሚ ጂ» አለቻት አማቷን፤ «ከምሳ በኋላ ግን ምድር ቤቱን ለእኔ ልቀቁልኝ። የእኔም ፈተና ዛሬ ነው።» ሃርባንስ ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ላይ ኳ ኳ አድርጋ «ታዲያ ማን ከለከለሽ?» አለቻት። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለ።

ልጆቼ፣ እኔ ትምህርት ብዙም አልገፋሁም። ስለ ኮምፒዩተር የምነግራችሁን ሁሉ ራቭሊን እያስረዳችኝ የያዝኩት ነው። ለቢሮዎች የኮምፒዩተር መስመር የሚዘረጋ አንድ ድርጅት ሁለት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር፤ ከዚህ ቤት ሁለት ሰው ለፈተና ጠራ። አንዷ ራቭሊን ናት። አገር ቤት ጃላንደር ኮሌጅ ይህንኑ ሙያ ተምራ በማዕረግ ወጥታለች፤ እዚህ ብራምፕተን ስትመጣ ግን ማዕረጓን የጠየቃት የለም፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለው ፋብሪካ የቀዘቀዘ ሳምቡሳ በካርቶን ታሽጋለች። የሚሠሩበት ክፍል እንደ ማቀዝቀዣ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ከሥራ ስትመለስ የሰናፍጭ ዘይት ስትቀባ አያታለሁ። ይህን ፈተና ካለፈች ከዚያ ብርድ ትወጣለች፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም። ሁለተኛው የባሏ ታናሽ ወንድም ጃግሩፕ ነው። እዚሁ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተመላልሷል፤ አብዛኛውን ግን ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ተንኮለኛ ልጅ እንዳይመስላችሁ። ሰነፍ ነው፤ ስንፍናውን ደግሞ ቤቱ በሙሉ ተባብሮ ነው ያሳደገለት። የእሱ ፈተና ረፋድ ላይ፣ የእሷ ከምሳ በኋላ ሆነ።

ምድር ቤታችን ለሁለት የተከፈለ ነው። ከፊሉን ሁለት ተማሪዎች ተከራይተውታል፤ በዚህ ዘመን ለዚያች መስኮት አልባ ክፍል የሚከፍሉትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በቀረው በኩል የቤቱ ማሞቂያ ምድጃ፣ የሃርባንስ ትልቁ ማቀዝቀዣ፣ የዱቄት ከረጢቶችና የጃግሩፕ ጠረጴዛ አሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ሰርቨር የሚሉት፣ አንድ ቢሮ የጣለውና ጃግሩፕ በርካሽ የገዛው ጥቁር ማሽን እንደ አውሮፕላን ያጓራል። በውስጡ ያለው ፕሮግራም የውሸት ቢሮ ይሠራል፤ ያልተገዙ ኮምፒዩተሮች፣ ያልተዘረጉ ገመዶች፣ ሁሉም ሥዕል ነው፤ ሥራቸው ግን እንደ እውነተኛው ነው። ቢበላሽ ማንም አይጎዳም፤ ስለዚህ ሰዎቹ የሚማሩትም የሚፈተኑትም በእሱ ነው። ጃግሩፕ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከወገቡ በታች በፒጃማ፣ ካሜራው ፊት ተቀመጠ። ራቭሊን ካሜራው የማያያት ቦታ፣ ከዱቄቱ ከረጢት አጠገብ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ ሁለተኛ ኪቦርድ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እሱ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፣ የምትጽፈው እሷ ናት። እንዲናገር የምትፈልገውን ደግሞ ትንሽ ስክሪን ላይ ትጽፍለታለች፤ ያነበዋል። እኔ ሹራቤን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰው እንዳይወርድ ጠባቂ ተብዬ።

ፈታኟ ሊስተር የምትባል፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። የተበላሸ የውሸት ቢሮ ላከችለትና «እዚህ ውስጥ የጸሐፊዋ ኮምፒዩተር ከዋናው ቢሮ ጋር ተቆራርጧል። ስክሪኑን ይክፈቱና ምክንያቱን ይፈልጉልኝ» አለች። ጃግሩፕ ነካ። መስኮቱ ተከፈተና ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደግሞ ነካ፣ ያው ነው።

«ይሄ... ይሄ የፈተናው ክፍል ነው?» አለ ጃግሩፕ፣ ከራሱ አፍ።

«አይደለም። እሱ መከፈት ነበረበት» አለች ሊስተር። «ችግሩ ከእርስዎ ቤት ሳይሆን አይቀርም። ይሁን፣ ይሄንንም ሲፈቱ ባይ ደስ ይለኛል። አይቸኩሉ።»

የጃግሩፕ አንገት ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ራቭሊን ግን በርጩማዋ ላይ ተመቻቸች። እሷ ሁልጊዜ ከሩቁ ጫፍ ጀምራ ወደ ራሷ እየመጣች ነው የምትፈልገው፤ ሌላው ሰው ከቅርቡ ይጀምራል አለችኝ። መጀመሪያ የጸሐፊዋ ኮምፒዩተር በርቶ እንደሆነ አየች፤ በርቷል። አጥፍታ አስነሳችው፤ ያው። መንገዱን የሚዘጋ የጥበቃ ፕሮግራም እንዳለ አየች፤ የዘጋ የለም። ከዚያ ሥዕሉ ውስጥ አንዲት ትንሽ መሞከሪያ ማሽን ጨመረችና ስም ሰጠቻት፤ ኑሪ። ኑሪን እየላከች እያንዳንዱን በር ታስንኳኳለች። የአንዳንዱ መልስ ይመጣል፣ ወዲያው ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል።

«ኑሪ ማን ናት?» አለች ሊስተር እየሳቀች።

ራቭሊን መልስ ሳትጽፍለት ጃግሩፕ «የልጅነት ውሻዬ!» አለ ቶሎ ብሎ። ራቭሊን ከንፈሯን ነከሰች። ኑሪ የእናቷ የምትታለብ ጎሽ ናት። ሠፈሩ ያውቃታል፤ ራቭሊን የተማረችበት ገንዘብ ግማሹ ከዚያች ጎሽ ጡት ነው የወጣው።

ትንሽ ቆይታ ራቭሊን ወደ እኔ ዞረችና ሰማያዊውን የሰርቨሩን ገመድ በአገጯ አሳየችኝ፤ ንቀይው ማለቷ ነው። ነቀልኩት። ማሽኑ አሁን ከቤቱ መስመር ወጥቷል፤ ቢጠሩት ሊሰማ አይችልም። እሷ ግን በአድራሻ ቁጥሩ ጠራችው። መልስ መጣ! ባለቤቱ በሌለበት ስሙ ሲጠራ አቤት የሚል ሌላ ተገኘ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲፈካ አየሁ። ኪቦርዱን አስቀምጣ በካሜራው ሥር ጎንበስ ብላ መጣችና በጆሮዬ «ቡዓ ጂ፣ ላይ ቤት ከትናንት ወዲህ አዲስ ዕቃ የሰካ አለ?» አለችኝ። ቡዓ የአባት እህት ማለት ነው፤ ቤቱ በሙሉ እንዲያ ይለኛል። ነበር እንጂ! ወንድሜ ትናንት ማታ ከፕላዛው ሱቅ የቴሌቪዥን ሳጥን ገዝቶ ነበር፣ በሰባ ዶላር፤ ከአምሪትሳር ቤተ መቅደሳችን መዝሙር በቀጥታ የሚያመጣ። ባለሱቁ ራሱ መጥቶ ሲሰካለት ከቤታችን መስመር የአድራሻ ቁጥሮች አንዱን ዝም ብሎ ሰጥቶታል። ለካ የሰርቨሩ ቁጥር ኖሯል። ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር ሲጠራ ማን ቀድሞ ይመልስ እየተባለ ሌላው ይጠፋል አለችኝ። «ላጥፋው?» አልኳት። «ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ከዚያ እኔ ገመዱን መልሼ የሰርቨሩን ቁጥር እለውጣለሁ፤ ሁለቱም ይሠራሉ።»

ወንድሜ ማልኪያት ሶፋው ላይ እግሩን አጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙሩን ያዳምጣል። ይህ ሰው ትናንት ማታ ሳጥኑን እንዳስገጠመ፣ ምራትህ ከሥራ ገብታ ትተኛለች፣ ድምፁን ቀንስ ብለው «የጉሩ ቃል አይቀነስም» ያለኝ ነው።

«ሳጥኑን አጥፋው፣ ፈተናውን አበላሽቷል» አልኩት።

አንድ ዓይኑን ከፈተ። «የማንን ፈተና?»

«የጃግሩፕን።»

ዕድሜው ሰባ ያለፈ ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ እኔ ሳልደርስ ተነሥቶ ከግድግዳው ነቀለው። «ጉሩ ያውቃል፣ ይቅር ይለኛል» አለ። ስወርድ የጸሐፊዋ ስክሪን በሰማያዊ ብርሃን ተከፍቶ ጠበቀኝ። ጃግሩፕ ራቭሊን የጻፈችለትን እያነበበ ነው፤ «ሌላ ዕቃ አድራሻችንን ወስዶብን ነበር፤ ማሽኑን ከመስመር አውጥቼ ስጠራው ሌላ መለሰልኝ፤ በዚያ ነው ያወቅሁት።» ሊስተር አጨበጨበች። «ብዙ ሰው ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ይጭን ነበር። አስተሳሰብዎ ግሩም ነው። ደብዳቤያችን ዛሬውኑ ይደርስዎታል» አለችው። የቀረውን ራቭሊን እንደ ድንች ልጣጭ አወረደችው። ሲያልቅ ጃግሩፕ ከወንበሩ ዘሎ «ባቢ! አለፍናት እኮ!» አለ። የወንድሙን ሚስት እንዲያ ነው የሚጠራት። «አለፍናት» ያላትን ልብ በሉ፤ በዚያች ሰዓት ገና ሁለት ነበሩ።

ከምሳ በኋላ ሃርባንስ ቃሏን ጠበቀች፤ ማንም አልወረደም። ራቭሊን ፊቷን ታጥባ ቢጫ ሻሿን ጣል አደረገችና ካሜራው ፊት በትልቁ ወንበር ተቀመጠች። እዚያ ወንበር ላይ ቁመቷ ራሱ የጨመረ መሰለኝ። ፈታኟ ያቺው ሊስተር ናት፤ ቢሮው ግን ሌላ ነው፣ ሦስት ቅርንጫፍ ያለው የውሸት ክሊኒክ። የሩቁ ቅርንጫፍ ኮምፒዩተር አይከፈትም። ራቭሊን ሥራ ጀመረች። ልጆቼ፣ ሰው ሥራውን ሲወድ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ካፏ ሳይወጣ የምታንጎራጉረው ዜማ አንገቷ ላይ ይታይ ነበር። ጠዋት የምትጽፈው ተደብቃ፣ እየፈራች ነበር፤ አሁን የምትጽፈው በስሟ ነው፤ ደስታው መጠንቀቅን አስረሳት። ከሩቁ ጫፍ ጀመረች፣ ወደ ራሷ መጣች፣ ትንሿን መሞከሪያ ማሽን ጨመረችና ስም ሰጠቻት። ያን ስም ስትጽፍ እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማልችል አላወቅሁም። ያወቅሁት ከፈታኟ ጥያቄ ነው።

«ወይዘሮ ራቭሊን» አለች ሊስተር፤ «ኑሪ ማን ናት?»

ራቭሊን እጇን ከኪቦርዱ አነሣች። «የእናቴ ጎሽ ናት» አለች። እውነቱ አመለጣት።

«ሚስተር ጃግሩፕ ዛሬ ጠዋት ውሻዬ ናት ብለውኛል። የቤታችሁ አድራሻ አንድ ነው፤ ዘመዶች ናችሁ?»

«የባሌ ወንድም ነው።»

«አየሽ... አዩ» ብላ ቃሏን አስተካከለች፤ የሚያሳፍር ነገር የምትነግር ሰው ድምፅ ነበራት። «ዛሬ ጠዋት እሳቸው በሄዱበት መንገድ ነው እርስዎም ደረጃ በደረጃ የሚሄዱት። ያው ቅደም ተከተል፣ ያችው ትንሽ ማሽን፣ እሳቸው አሳስተው የጻፏትን ቃል ሳይቀር እርስዎም አሳስተው ጽፈዋታል። ጠዋት እሳቸው ሲፈተኑ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ?»

ራቭሊን ዓይኗን ወደ ጠዋቱ በርጩማ ጣለች። ነበርኩ ብትል ኮራጅ ያሰኛታል፤ አልነበርኩም ብትል ውሸት ነው፤ የእሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ ብትል ደግሞ የቤቱ ጣሪያ በላይዋ ይወርዳል።

«ከእሳቸው ኮርጀዋል ብዬ ለመጻፍ እገደዳለሁ» አለች ሊስተር። «አዝናለሁ፣ እጅዎ ጥሩ ነበር። የሚነግሩኝ ነገር ካለ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ይደውሉልኝ።» ስክሪኑ ጠፋ። ራቭሊን ትልቁ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ምድጃው ቱግ ብሎ ተነሣ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

ላይ ቤት የጃግሩፕ ደብዳቤ ደርሶ ኖሯል። ሃርባንስ አንድ ካርቶን ላዱ የሚባል ጣፋጭ አስመጥታ በየሰሃኑ ትደረድራለች፤ ስልኳ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ነው፣ አገር ቤት ሉዲያና ላለ ዘመድ እየነገረች። ራቭሊን «ማሚ ጂ» ብላ አፏን ስትከፍት ሃርባንስ አንድ ሙሉ ላዱ አፏ ውስጥ አስገባችላት። የምሥራች ሲኖር ወጉ እንዲያ ነው፤ አፍ ይጣፍጣል። ልጅቱ ማኘክም መትፋትም አቅቷት፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ጣፋጩን እስክትውጥ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ነገረቻት። ሃርባንስ ስልኩን ዘጋችና እጇን በመሐረብ ጠረገች።

«እና ልትደውዪላት ነው?»

«ሌባ ተብዬ ተጽፌአለሁ፣ ማሚ ጂ። የራሴን ሥራ ሰረቅሽ ተብዬ።»

«አሁን ብትደውዪ ያንቺ ይመለሳል?» አለች ሃርባንስ በቀስታ። «የእሱም ይሄዳል እንጂ። ለሉዲያና ነግሬአለሁ።»

ራቭሊን ለባሏ ለአማንቢር ደወለች። ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ዊኒፔግ እየነዳ ነው፤ ድምፁ ከጎማው ጩኸት ጋር ወጥ ቤቱን ሞላው። ጨርሶ አዳመጣት፤ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ከዚያ «ራቭ፣ ሁለቱም ከሚጠፋ አንዱ ይትረፍ» አለ። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ሌላ ቦታ ትፈተኛለሽ። እሱ ሌላ ቦታ ማን ይወስደዋል?» አስከትሎም «ስሚ፣ እዚህ በረዶ ጀምሯል፣ ልዝጋው» አለ። ራቭሊን ክፍሏ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። በሩን ገርበብ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አንዴ ቁጥሩን አወጣች። ስልኩ ከነቁጥሩ ጨለመ፤ ደግሞ አበራችው፤ ደግሞ ጨለመ። ከጎረቤት ግቢ መኪኖች እየተመለሱ፣ በር እየተዘጋ፣ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ይሰማ ነበር። ሰዓቱ አለፈ። ስልኩን ትራሱ ሥር አስገብታ የፋብሪካ ልብሷን መልበስ ጀመረች።

እራት ላይ ጎረቤታችን ኪርፓል መጣ፤ ጡረታ የወጣ ባስ ነጂ ነው፣ ደስታ ካለበት ቤት የሚቀር ሰው አይደለም። ሃርባንስ ጥሩውን ሩዝ ሠርታለች። ወንድሜ የጃግሩፕን ትከሻ እየመታ ሳጥኑን ራሱ እንዴት እንደነቀለ ይተርካል። ኪርፓል ሮቲ ቂጣውን እየቆረሰ ዞሮ «ራቭሊንስ ልጄ? አንቺም ዛሬ ነበር መሰለኝ» አላት። ሃርባንስ ሰሃን አነሣች። እኔ ውኃ ቀዳሁ። ያ ዝምታ በዚያው ቢያልፍ ምናልባት ሁሉም ያልፍ ነበር፤ ጃግሩፕ ግን እንግዳ ሲያይ መሳቅ ይወዳል።

«ባቢ የኔን መንገድ ደገመችው፣ ፈታኟ ነቃችባት» አለ። «ምናለበት ብትጠይቂኝ ኖሮ ባቢ? ሌላ መንገድ አሳይሽ ነበር እኮ!»

ኪርፓል ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ወንድሜም ጢሙን እየጠረገ «ከታናሽ መማር ነውር የለውም» አለ፤ እሱ የሚያውቀው እስከ ሳጥኑ ድረስ ብቻ ነው። ሃርባንስ አልሳቀችም። ራቭሊን ሰሃኗን አነሣች፣ አጠበች፣ በቦታው አስቀመጠች። ኮቷን ለብሳ በሩ ሥር የበረዶ ጫማዋን ስታስር ጃግሩፕ ተከትሏት ሄደና ጎንበስ ብሎ «ባቢ፣ ሰኞ ነው የምጀምረው» ሲል ሰማሁት። «ሥራው ከቤት ነው። አንቺ የማታ ፈረቃ ስለሆንሽ ቀን ቀን... ለመጀመሪያው ወር ብቻ።»

ቀና አለች። አልጮኸችበትም፤ ግን ጠረጴዛው ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«መንገዱ ያንተ ነው አልክ አይደል? እንግዲያው ብቻህን ሂድበት።»

«ራቭሊን! እንግዳ ፊት!» አለች ሃርባንስ። በሩ ተዘጋ፤ ቀዝቃዛ ነፋስ እግራችን ሥር ገብቶ ቀረ። ጃግሩፕ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላየውም። ሮቲ ቆረሰ፣ አልጎረሰውም።

ኪርፓል፣ ነፍሱን ይማረውና ያኔም ክፉ አያስብም ነበር፣ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። «ጃግሩፕ ልጄ» አለ፤ «እንግዲህ መሐንዲስ ሆነህ የለም? የኛ ቤት ኢንተርኔት ከትናንት ጀምሮ ይመጣል ይሄዳል። ሚስቴ በንዝንዝ ገድላኛለች። አሁን ተነሥና እስቲ አንዴ እየው፣ ሁለት ርምጃ ነው።»

«ሂድ እንጂ!» አለ ወንድሜ በኩራት። «ተነሣ፣ ቡዓህ ሻይ እስክታፈላ ትመለሳለህ።»

ጃግሩፕ እናቱን አየ። እናቱ መስኮቱን አየች። ከመንገዱ ማዶ አውቶቡሱ ቆሞ፣ ራቭሊን ጫማዋን ከበረዶው አራግፋ ስትወጣ ታየች፤ በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ኪርፓል ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።